የዶክተር ላምቢ ሕይወትና የመስቀሉ ነገር

አባል ሲሞት በቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ እንደሚነበብ ሁላችንም እናውቃለን። ቤተሰቡ ይናገራል፣ ከእኛ መካከል ፊደል የቆጠረው ይጽፋል፣ ድምፁ የሚሰማው ደግሞ ቆሞ ያነባል። ታዲያ ሲነበብ ሟቹ ሁሉ ደግ፣ ሁሉ ታጋሽ፣ ሁሉ ለሰው አዛኝ ሆኖ ይወጣል። በሕይወቱ ሳለ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተካሰሰው፣ ወንድሙን አምስት ዓመት ያኮረፈው፣ ያ ሁሉ በወረቀቱ ላይ የለም። እኛም ቆመን እንሰማና ራሳችንን እንነቀንቃለን። ምን ይደረግ፣ ሬሳ ፊት ቆሞ ክፉ የሚያነሣ የለም።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ቤሌ በአንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ በዚህ ነገር ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንደኛው አባት የሞተ ሰው ጥፋቱ አብሮት ይቀበር፣ ለልጆቹ ምን ይጠቅማቸዋል አሉ። ሌላኛው ደግሞ ክርስቶስ የሞተው ለኀጢአት ከሆነ ኀጢአቱን ከታሪኩ ፍቀን ስናወጣ መስቀሉን ምን ሥራ እንሰጠዋለን ብለው ጠየቁ። ነገሩ ከቡናው ጋር ብዙ ሰዓት ቆየ። በመካከሉ የዶክተር ላምቢ ስም ተነሣ። እኒህ ሐኪም በወላይታ ወንጌላውያን ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው፤ በመጨረሻ ያደረጉትን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። እኛም ለዘንድሮው መጽሔት የእሳቸውን ታሪክ ጥፋቱን ሳንቀንስ ለመጻፍ የተነሣነው በዚያ ክርክር ምክንያት ነው።

ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1885) በአሜሪካ አገር፣ ፒትስበርግ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና አጥንተው እንደ ጨረሱ፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሳሉ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ወደ ሱዳን መጡ። ሥራቸው በሶባት ወንዝ ዳር ነበር። ሶባት ማለት የእኛ ባሮ ከድንበር ወዲያ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ የሚጠራበት ስም ነው። ናስር በሚባል ቦታ በኑዌሮች መካከል ጣቢያ አቁመው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻርሎት እያገዟቸው ቁስል ሲያጥቡ፣ ወባ ሲያክሙ፣ ወንጌል ሲሰብኩ ብዙ ዓመት ቆዩ። ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ምሥራቅ፣ የኢትዮጵያ ተራራ ይታያቸው ነበር።

ወደዚህ አገር ያገባቸው የኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. ያ ወረርሽኝ ሰው በሰው ላይ ሲጥል፣ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ ሲያድር፣ አባቶቻችን የነገሩን ነው። በሳዮ፣ ማለት በደምቢ ዶሎ በኩል ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ሐኪም እንዲመጣላቸው ፈለጉ። ዶክተር ላምቢም በዚያው ዓመት ክረምት ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በጋምቤላ በኩል ዳገቱን ወጡ። በሳዮ ሕክምና ጀመሩ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ሁልጊዜ ያስቀናል። ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ጎሬ ላይ የኢሉባቦሩን ገዥ ራስ ናደውን አገኙ። ራስ ናደው ጆሮአቸው ውስጥ ነፍሳት ገብቶ ሲያሠቃያቸው ሐኪሙ አወጡላቸው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ትንሽ ዘዴና የማይንቀጠቀጥ እጅ ይበቃዋል። ነገር ግን በዚያች ትንሽ ነፍሳት ምክንያት ለአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የሚያቀርባቸው የመተዋወቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። አልጋ ወራሹም በዋና ከተማው ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ላምቢ ወደ አገራቸው ተመልሰው ገንዘብ ለመኑ፤ ጆርጅ የሚባል የኦሃዮ ባለጠጋ ሰጣቸውና በጉለሌ ሆስፒታሉ ቆመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልባቸው ወደ ደቡብ ያስብ ነበር። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አንድ አዲስ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በ1927 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን፣ እኛ ኤስ.አይ.ኤም. ከምንለው ጋር አንድ ሆነ። በታኅሣሥ 1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡና ከጥቂት ወራት በኋላ በቅሎ ጭነው ወደ ጅማ ተነሡ። አሳባቸው ጅማ ነበር እንጂ ወላይታ አልነበረም። መንገዱ ግን ወደ ከምባታና ወደ ወላይታ አመጣቸው። በወላይታ የነበሩት ገዥ ደጃዝማች ይገዙ ተቀበሏቸው፤ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከሶዶ አጠገብ፣ ኦቶና በሚባለው ስፍራ ጣቢያ ተመሠረተ። ዛሬም በሽተኛ ይዘን ስንሄድ ኦቶና ይዘነው ሄድን የምንለው ያ ስም ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ዶክተር ላምቢ የሚሲዮኑ መሪ ሆነው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነበሩ። ሶዶ ተቀምጠው ቋንቋ የተማሩት፣ ከሰው ጋር ቆጮና ቦዬ የበሉት፣ እነ ዋልተር ኦማንና ጓደኞቻቸው ናቸው። በሩን የከፈቱት ግን ላምቢ ናቸው።

ሕዝባችንም ከዚያ በፊት ስለ እግዚአብሔር ያልሰማ አልነበረም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት በንጉሥ ሞቶሎሚ ዘመን አስተምረዋል የሚለውን ትውፊት እናቶቻችን ያውቁታል። ታቦትም ገብቷል። ይሁን እንጂ በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና ከተሸነፉ በኋላ መስቀሉ ወደ ብዙ ሰው ዓይን የመጣው ከጠመንጃና ከገባር ሥርዓት ጋር አንድ ላይ ነበር። ይህን ስንል ቤተ ክርስቲያንን ለመውቀስ አይደለም፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። ከጋሞ በኩል የተነሣ ኢሳ የሚባል ሰው ደግሞ ሚሲዮን ከመምጣቱ በፊት ሕዝቡ ለመናፍስት መገበሩን ትቶ ጦሳን ብቻ፣ ሰማይን የፈጠረውን አንዱን አምላክ ብቻ እንዲለምን እየዞረ አስተምሮ ነበር። ስለዚህ መሬቱ ታርሶ ቆይቷል ማለት ይቻላል።

የቀደሙት ሰዎች ኀጢአትን አያውቁም ነበር የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እንዲያውም አብዝተው ያውቁታል። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትመክን፣ ዝናብ ሲቀር፣ ማን ምን አጥፍቶ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ጠንቋዩ ዘንድ ይኬዳል፤ በግ ይታረዳል፣ ደም ይፈሳል። ችግሩ ዕዳው አለማለቁ ነው። ዛሬ በግ ታርዶ ነገ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ደግሞ ሌላ በግ። ድሀ የሆነ ሰው በመጨረሻ የሚያርደውም አይኖረው። ከበሽታው ይልቅ የመክፈሉ ነገር ቤት ያፈርስ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ሰው ስለ ስቅለት ሲነገረው ምን እንደሰማ ማሰብ አያስቸግርም። የመጨረሻው በግ ታርዷል። ያረደውም ራሱ ባለዕዳው አይደለም፤ ዕዳው የሚከፈለው ጌታ ራሱ ልጁን ሰጥቷል። እንግዲህ የሚቀር ክፍያ የለም፤ የሚቀረው አምኖ መቀበል ነው። ጸጋ የሚሉት ይኸው ነው። በአገራችን ደም የፈሰሰ እንደሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ የገዳይ ወገን ያዋጣል። የተገዳይ አባት ተነሥቶ ካሳውን እኔው እከፍላለሁ ሲል ግን የሰማ ማን አለ? የመስቀሉ ነገር እንዲህ ያለ ነው። ደስ ከማሰኘቱ በፊት ያስደነግጣል።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ጣል እናድርግ። ጸጋ የእድር ደንብ አይደለም። በእኛ ደንብ ወር መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ደጋግሞ ካልከፈለ ይሰረዛል፣ ቀብር የቀረ ስሙ ይያዛል። እንደዚያ ባይሆን ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ሒሳብ ሹማችን ስለ ጸጋ ስብከት ሰምተው ቢያመሰግኑም መዝገባቸውን ይዘጋሉ ብላችሁ አታስቡ። የሰው ማኅበር በመዋጮ ይቆማል። እግዚአብሔር ከሰው ጋር ያለው ነገር ግን በመዋጮ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን ያልተሰረዘ አባል የት ይገኝ ነበር?

የኦርቶዶክስ አባሎቻችን እዚህ ላይ ሥራስ የት ገባ፣ ንስሐስ፣ ሥጋና ደሙስ ማለታቸው አይቀርም። መብታቸው ነው። ቃለ ሕይወቶችም በበኩላቸው መልስ አላቸው። ያን ክርክር በዚህ መጽሔት ልንጨርሰው አንችልም፤ ከእኛ የሚበልጡ ሊቃውንት አልጨረሱትም። ነገር ግን የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ የሚውለውም፣ በጸሎት ቤት ስለ መስቀሉ ሲያስተምር የሚውለውም፣ ያለዚያ ሞት መዳን እንደሌለ ይናገራል። እኛ እድርተኞች የሁለቱንም ወገን ሬሳ ስለምንሸከም ይህን እናውቃለን።

በሶዶ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከተጀመረ አምስት ዓመት አልፎ አሥር ሰው ብቻ። እዚያው ዘመን ላምቢ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሥጋ ደዌ በሽተኞች ማረፊያና ሕክምና ያቋቁሙ ነበር፤ ዛሬ አለርት የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። የውጭ አገር ሰው መሬት መያዝ ስለማይችል የአሜሪካ ዜግነታቸውን ተዉና ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ይህን ያደረጉት ሰው ሁሉ በዳሰሳቸው ጊዜ ልብሱን ለሚያራግፍባቸው ሰዎች ሲሉ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር በቀላሉ አይገኝም፤ የሚቀጥለውን ስናነብ ይህን እንዳንረሳ።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲመሠረት ዋና ጸሐፊው እሳቸው ሆኑ። በመስከረም 1928 ጦርነቱ ተከፈተ። ሐኪሞችና ቁስለኛ ተሸካሚዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተላኩ። በኅዳር ወር ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የተቀባበት ሆስፒታልና ድንኳን ሳይቀር ተመታ። ከዚያም የመርዝ ጋዙ መጣ። የወታደሩ ገላ ተላጠ፣ ዓይኑ ታወረ። ይህን ግፍ ለውጭው ዓለም ካሰሙት ድምፆች አንዱ የዶክተር ላምቢ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ ከሦስት ቀን በፊት ወጥተዋል፤ ከተማዪቱ በዘረፋና በእሳት ታምሳ ነበር። በዚያው ሰሞን ከሚሲዮኑ ሁለት ወጣቶች በመንገድ ላይ ተገደሉ። ላምቢ አልሸሹም። ነገር ግን ማን ናቸው? አሜሪካዊ አይደሉም፣ ትተውታል። ኢትዮጵያዊ ናቸው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ የለም። በየአውራጃው የተበተኑ ብዙ ሚሲዮናውያን፣ በኦቶናና በሌላም ቦታ የተጀመረ ሥራ፣ በየመንደሩ አዲስ ያመኑ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ በእጃቸው ነው። ግራዚያኒ ደግሞ የቀይ መስቀሉን ክስ አልረሳም።

እሳቸውም ገቡ። ለጣልያን አደሩ፤ ስለ ቀይ መስቀል መደብደብ ቀድሞ የተናገሩትንም መልሰው አስተባበሉ። ያዩትን አላየሁም የማለት ያህል ነው። ሚሲዮኑን ለማዳን ብለው እንዳደረጉት ግልጽ ነው፤ ለራሳቸው ገንዘብ ወይም ሹመት አልፈለጉበትም። ቢሆንም የተቃጠለው ወታደር ምስክሩን አጣ። ይህን በሌላ ቃል መሸፋፈን አይቻልም፣ እኛም አንሸፋፍነውም።

በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በጣልያን ጥይት ወደቁ። ሕዝቡን ለጣልያን ተገዛ በሉት ቢባሉ እምቢ ስላሉ ነው። እኒህ ጳጳስ ናቸው፣ ያ ሐኪም ነው፤ ሁለቱም ስለ መስቀሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ጎነበሰ። ከእኛ መካከል በዚያ ቀን ብሆን እንደ ጴጥሮስ እሆን ነበር ብሎ ደረቱን የሚመታ ካለ ደግ፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ግን አንደፍርም። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤት ሲዘጋ፣ ሰው ስለ እምነቱ ሲጠየቅ፣ ማን እንደጸናና ማን አንገቱን እንደደፋ ከመካከላችን ዕድሜ የጠገቡት ያስታውሳሉ። ዛሬ ሁሉም በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።

የላምቢ መጎንበስ ያሰቡትን አላስገኘላቸውም። ጣልያን ሚሲዮኑን ቀስ በቀስ አባረረ። ከሶዶ የመጨረሻዎቹ የወጡት በሚያዝያ 1929 ነው፤ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከሆነ ገና ሁለት ወር መሆኑ ነበር። ትተው የሄዱት አርባ ስምንት የተጠመቁ ሰዎችና በወላይትኛ የተተረጎመ ጥቂት የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል ነው። የተማረ ቄስ የለም፣ ሐኪም የለም፣ ገንዘብ የለም። ሚሲዮናውያኑ በበቅሎና በካሚዮን ሲሄዱ ይህ ነገር እንደሚጠፋ ሳይጠራጠሩ የሄዱ አልነበሩም።

አልጠፋም። እንዲያውም የሆነው ሌላ ነው። ያመኑት ሰዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ዋንዳሮ ዳባሮ የሚባሉት በሶዶ ገበያ ሕዝብ እያየ የአለንጋ መዓት ወርዶባቸዋል፤ ጭቃ እያስረገጡም አሠርተዋቸዋል። ሰውየው ግን እምነታቸውን አልለወጡም። የዚያን ጊዜ ወንጌላውያን ስንቃቸውን በአገልግል ይዘው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከደጋው ወደ ቆላው ወረዱ፤ ወደ እኛ ወደ ኪንዶና ወደ ኮይሻ በኩል፣ ወደ ኦሞም ወዲያ ሳይቀር ቃሉ የደረሰው በእነሱ እግር ነው። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ተመልሰው ሲመጡ አርባ ስምንት ትተው የሄዱት ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሆኖ አገኙት።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? በለቅሶው ድንኳን እንደ ተከራከሩት አባቶች እኛም በዚህ ላይ አንድ አሳብ አልነበረንም። ከአዘጋጆቹ አንዱ ሰውየው የደከሙበትን ሁሉ በአንድ ቀን አጠፉት ይላል። ሌላው ደግሞ ያስተማሩት ትምህርት ከእሳቸው ስለሚበልጥ በእሳቸው ድካም አልወደቀም ይላል። ለእኛ ይበልጥ የሚታየን ይህ ሁለተኛው ነው። ወላይታ ላይ የተሰበከው መስቀል ላምቢ ጸንተው ቢቆሙ የሚቆም፣ ቢወድቁ የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ እነ ዋንዳሮ ለምን ይገረፉ ነበር? ደግሞም ጸጋ የሚባለው ነገር ላልተሳሳተ ሰው ከሆነ ሐኪሙ በሌሊትና በቀን፣ በበቅሎና በእግር፣ የሰበኩት ከንቱ ነው። ለተሳሳተ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ለራሳቸው ነው። በሽተኛ ሆኖ መድኃኒት የሚያድል ሐኪም አይተን አናውቅምን?

ይህ ማለት ግን የተቃጠሉት ወታደሮች ነገር ተረሳ ማለት አይደለም። ይቅርታ ማለት አልሆነም ማለት አይደለም። ስቅለት ራሱ የሚያሳየው ይህን ነው፤ ኀጢአት ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ዋጋው ያን ያህል ባልሆነ። በቀራንዮ ኀጢአቱ አልተደበቀም፤ በአደባባይ፣ በተራራ ላይ፣ በሦስት ቋንቋ ጽሕፈት ተጽፎበት፣ ለአላፊ አግዳሚ ታየ። ይቅርታውም የመጣው ከዚያው ነው።

ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ላምቢ ወደ ጀመሩበት ወደ ሱዳን ተመለሱ፤ በድንበር በኩል አዲስ የሚሲዮን ጣቢያዎች እንዲቋቋሙ ሠሩ። አገር የሌለው ሐኪም ብለው ስለ ሕይወታቸው መጽሐፍ አሳተሙ፤ ርእሱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከእነዚያ ጣቢያዎች በአንዱ፣ ዶሮ በሚባለው ላይ፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉና ከባልደረቦቻቸው የሞቱ አሉ። ሐኪሙ ያን ሲሰሙ በአዲስ አበባ ያስተባበሉት ነገር ትዝ ሳይላቸው ይቀራል ብለን አናምንም።

በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ ወጣች። ሌሎቹ ወደ ኦቶናም ወደ ሌላውም ተመለሱ። እሳቸው ግን ወደ ኢትዮጵያው ሥራቸው አልተመለሱም። የሶዶን አሥር ሺህ አማኝ ሥራ ሌሎች ናቸው የተቀበሉት። ሰው የተከለውን ዛፍ ፍሬ ሳያይ ሲቀር ምን እንደሚሰማው እኛ ገበሬዎች ስለሆንን እናውቃለን።

በስተርጅና ወደ ቅድስት አገር ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻርሎት ካረፉ በኋላ እዚያው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከቤተ ልሔም ወደ ኬብሮን በሚወስደው መንገድ ዳር ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ሆስፒታል ሠሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ በአካባቢው ስደተኛ ሞልቶ ስለነበር በሽታው ይበረታ ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንደገና ከድንጋይና ከሲሚንቶ፣ ከአናጺና ከፈቃድ ወረቀት ጋር ሲታገል ማየት ነበር። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት እንጃ። ምናልባት ይቅር የተባለ ሰው ከማይወቀስ ሰው የበለጠ ይሠራ ይሆናል።

በኢየሩሳሌም፣ ከደማስቆ በር ውጭ፣ የአትክልት መቃብር የሚባል ቦታ አለ። አጠገቡ የራስ ቅል የሚመስል ቋጥኝ ስላለ ከፕሮቴስታንቶች ወገን ጌታ የተሰቀለውና የተቀበረው እዚህ ይሆናል የሚሉ አሉ። የእኛ አባቶችና ሌሎቹ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ቦታው በከተማው ውስጥ ያለው የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ነው ይላሉ፤ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዴር ሡልጣን ላይ ሆነው ሲጠብቁት የኖሩትም እሱን ነው። ኢየሩሳሌም የተሳለሙ አባሎቻችን ሁለቱንም አይተው ሊሆን ይችላል። በዚያ አትክልት በፈረንጆች ፋሲካ ጠዋት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ጸሎት ይደረጋል።

በ1946 ዓ.ም. ላምቢ ዕድሜያቸው ስድሳ ዘጠኝ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ረቡዕ ነው፤ በምዕራባውያን አቆጣጠር የሕማማቱ ሳምንት። ለእሑዱ የፋሲካ ጸሎት ነገሩን ሊያሰናዱ ወደ አትክልቱ ሄደው ሳለ እዚያው ባዶው መቃብር አጠገብ ሞቱ። በዚያ ዓመት የእኛ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 17 ቀን ነበር።